ቤት እየቀያየርክ ለምትኖር ልጄ፦ የዲሽ ምክር

ቴሌቪዥን መግዛትህን ሰማሁ፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ዲሽ ልታስገጥም ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል። ግን አንተ ተከራይ ነህ። አከራይህ ዛሬ ቢስቁልህም ነገ ኪራይ ይጨምራሉ፣ ወይም ልጃቸው ሊያገባ ነውና ቤቱን ልቀቅ ይሉሃል፤ ያኔ ዕቃህን አይሱዙ ላይ ጭነህ ትወጣለህ። ሰው ዲሽ ሲገዛ የሚያስበው ስለሚሰቀልበት ቀን ነው። አንተ ስለሚፈታበት ቀን አስበህ ግዛ። ዕድሜዬን ጣሪያ ላይ ስወጣና ስወርድ ለጨረስኩት ለእኔ፣ የተከራይ ዲሽና የባለቤት ዲሽ አንድ አይደሉም። የምነግርህን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ እንደ ልማድህ መጀመሪያውን አይተህ ስልክህን እንዳታስቀምጥ።

1. ሱቅ ከመግባትህ በፊት የምታየውን ለይ። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቅህ «ስንት ኤልኤንቢ ልስጥህ?» ብሎ ነው፤ ዲሹ ክንድ ጫፍ ላይ ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለውን ዕቃ ማለቱ ነው። አንተ ግን ቤትህ ውስጥ ማን ምን እንደሚያይ ነው ማወቅ ያለብህ። የአገር ውስጥ ጣቢያ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ኢትዮሳትን ነው፤ ጣቢያዎቻችን ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከናይልሳት እየለቀቁ የገቡበት፣ ኤንኤስኤስ 12 ከሚባለው ሳተላይት የሚወርደው። እሱ ያለው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ፣ ዓረብሳት 26 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ፣ በየወሩ የሚከፈልበትና የራሱን ዲኮደር የሚጠይቀው ዲኤስቲቪ ደግሞ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ናቸው። ቁጥሮቹን ያዛቸው፤ ገንዘብ ያድኑልሃል። 26 እና 36 ጎረቤታሞች ስለሆኑ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ ጎን ለጎን አስሮ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል። 57 ምሥራቅንና 7 ምዕራብን በአንድ ሳህን አስገባልሃለሁ የሚልህ ግን ወይ አያውቅም ወይ እያታለለህ ነው፤ እሱ ሁለት ዲሽና ሁለቱን የሚያቀያይር አንድ ዳይሴክ ይፈልጋል። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ሰው ሁለት ዲሽ ተሸክሞ ቢዞር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። አንዱን ምረጥና በእሱ ኑር።

2. ቀብድ ከመክፈልህ በፊት ሰማዩን እይ። ተከራይ ሁሉ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ ይጠይቃል፣ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይ ይላል፤ ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ሳተላይቶቹ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ፣ ለእኛ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። መንገዱ ከተዘጋ ቢያመሽም ቢነጋም ዝግ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆነህ ኢትዮሳትን ስትፈልግ፣ ፊትህን ወደ ምሥራቅ ሰጥተህ ትንሽ ወደ ደቡብ ጋደል በልና 66 ዲግሪ ያህል ቀና በል፤ አንገትህን እስኪያምህ ማለት ነው። ናይልሳት ግን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ ከፍታው 37 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ልዩነቱን በሜትር ልንገርህ። ከዲሽህ በ12 ሜትር የሚበልጥ ፎቅ ፊት ለፊትህ ቢቆም፣ ኢትዮሳትን ለማየት 6 ሜትር ያህል ቢርቅልህ ይበቃል። ለናይልሳት ግን ከ16 ሜትር በላይ መራቅ አለበት። ስለዚህ የናይልሳት ሰው ከሆንክ በምዕራብ በኩል ያለውን ጅምር ሕንፃ ችላ አትበል፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚሠራው ግንበኛ ለከርሞ ስድስተኛው ላይ ነው። ባሕር ዛፍም ቢሆን ማንንም አስፈቅዶ አያድግም።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ አገኘሁ ብለህ አትፈንጥዝ። ኢትዮሳት አናት ላይ ሊሆን ምንም ስለማይቀረው፣ የላይኛው ጎረቤትህ የበረንዳ ወለል ለአንተ ዲሽ ጣሪያ ይሆንበታል። ዲሹ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ ያገኘው ሲሚንቶ ነው። ከበረንዳው መደገፊያ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ መታሰር አለበት፤ ይህን የብሎኩ ማኅበር የሚፈቅድ መሆኑን ደግሞ አስቀድመህ ጠይቅ። በሳህኑ ፊትም አትታለል፤ እነዚህ የለመድናቸው ዲሾች ወደ ፊት ያዩ ይመስላሉ እንጂ የሚቀበሉት ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ ነው።

3. ለመሸከም ይቀላል ብለህ ትንሽ ዲሽ አትግዛ። በጥር ሰማይ ትንሿም ሥዕል ታወጣለች። ሐምሌ ሲገባ ግን ወፍራም ዝናብ ሲግናሉን ይበላዋል፤ ያኔ የሚያድንህ በደኅናው ቀን የተረፈህ ሲግናል ነው። 90 ሳንቲ ሜትሩን ያዝ። በሚኒባስ ጣሪያም ይሄዳል።

4. ሪሲቨሩ ኤችዲ ይሁን። ጓደኛህ «ውሰደው፣ እቤት ተቀምጧል» ያለህ አሮጌ ሪሲቨር ኤችዲ የማያነብ ከሆነ፣ ሲግናሉ ሞልቶ ሳለ ጥቁር ስክሪን ላይ ታፈጣለህ፤ ከዚያ ዲሹ ነው ብለህ የደህናውን ዲሽ ብሎን መነካካት ትጀምራለህ። በነፃ የመጣ ዕቃ ስንት ጣሪያ እንዳስወጣ እኔ አውቃለሁ።

5. ገንዘብ የምታተርፍ ከሆነ ከኬብሉ ላይ አታትርፍ። ብዙ ሰው ለዲሹና ለሪሲቨሩ ተከራክሮ ኬብል ላይ ሲደርስ «የተገኘውን ስጠኝ» ይላል። ኬብሉ ሲግናል ማውረድ ብቻ አይደለም ሥራው፤ ከሪሲቨሩ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው ይዞ የሚወጣውም እሱ ነው። ርካሹ በውስጡ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ርዝመቱ ሲጨምር ኤልኤንቢው 18 የሚባለው ሳይሞላለት ይቀርና ከጣቢያዎቹ የተወሰኑት ይጠፋሉ። አርጂ 6 የሚባለውን ወፍራሙን ግዛ። ከሚያስፈልግህም አምስት ሜትር አስበልጥ፤ የሚቀጥለው ቤት ስፋት አይታወቅም፣ የተቀጠለ ኬብል ደግሞ ክረምትን አይወድም። ጫፉን ስትልጥ የውጩ የሽቦ መረብ ወደ ኋላ በደንብ ይታጠፍ። ከዚያ መረብ አንዲት ክር አምልጣ መሐለኛውን መዳብ ከነካች መስመሩ ይጠላለፋል፤ ሪሲቨሩም ሲግናል የለም ይልሃል። ስንት ሰው በዚያች ክር ምክንያት አዲስ ኤልኤንቢ ገዝቷል! ኬብል ስትሰካና ስትነቅል ሪሲቨሩ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን፤ በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም።

6. የሰው ግድግዳ አትብሳ። አከራይህ ቢፈቅዱም አትብሳ። እግሩ የተዘረጋ የብረት መቆሚያ ብየዳ ቤት አሠራና እግሮቹ ላይ ብሎኬት ጫንባቸው፤ ስትለቅ ብሎኬቱን ትተህ መቆሚያውን ይዘህ ትሄዳለህ። ዋናው ነገር ቋሚው ብረት ቀጥ ማለቱ ነው። ውሃ ልክ ከግንበኛ ተዋስና በሁለት በኩል ለካው። ብረቱ ካዘመመ ዲሹን ወደ ግራና ቀኝ ባዞርከው ቁጥር ከፍታውም አብሮ ይዛነፋል፤ ቀኑን ሙሉ ሳተላይት ስታሳድድ ትውላለህ።

7. ስትለቅ ሁሉንም ብሎን አትፍታ። ከነገርኩህ ሁሉ ይህችን ብቻ ብትይዝ አልከፋም። ዲሽ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ወደ ጎን የሚያይበት አቅጣጫ፣ ቀና የሚልበት ከፍታ፣ ኤልኤንቢው በማቀፊያው ውስጥ የዞረበት መጠን። ከሳሪስ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ አስኮ ብትሄድ ከፍታውና የኤልኤንቢው ዙር አይለወጡም ማለት ይቻላል፤ የሚለወጠው በአዲሱ ቤት ብረቱ ላይ የምታዞረው አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ የከፍታውን ብሎኖች አትንካቸው። የጥፍር ቀለም ከእህትህ ተቀበልና በከፍታ መለኪያው ላይ፣ በኤልኤንቢውና በማቀፊያው መጋጠሚያ ላይ ቀጭን መስመር አስምርባቸው። ከዚያ ብረቱን ያቀፈውን ብቻ አላልተህ ሳህኑን ከነክንዱ አንሣው። አዲሱ ቤት ስትደርስ ብረቱን ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ዲሹን አውርድበት፣ ቀስ እያልክ አዙር። ሠራተኛ ሳትጠራ ሥዕል ታገኛለህ። ሁሉንም ፈታትቶ በማዳበሪያ ከረጢት የሚያጭቅ ሰው ግን በየቤቱ የማስገጠሚያ ይከፍላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሆን የዲሹን ዋጋ ይጠጋል።

በተለይ ኤልኤንቢውን አደራ። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነ ኤልኤንቢው በማቀፊያው ውስጥ ብዙ መዞር አለበት፤ አዲስ አበባ ላይ ለኢትዮሳት 63 ዲግሪ ያህል ነው። ቀጥ ብሎ ከተገጠመ የተወሰነው ጣቢያ ገብቶ ሌላው ይጠፋል፣ ወይም የገባውም ደመና ባየ ቁጥር ይቆራረጣል። ከከተማ የምትወጣ ከሆነ ግን ከፍታውም ይለወጣል፤ ጎንደር ላይ ኢትዮሳት ወደ 63 ዲግሪ ዝቅ ይላል፣ ጅጅጋ ላይ ወደ 70 ከፍ ይላል። ያኔ ምልክቱ መነሻ ይሆንልሃል እንጂ መድረሻ አይሆንም። የስልክህን ኮምፓስ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቆመህ አትመነው፤ ብረት ያሳስተዋል። አቅጣጫውን ግቢ ውስጥ መሬት ላይ ቆመህ ለይና አንድ ዛፍ ወይም የፎቅ ጥግ ምልክት አድርገህ ውጣ።

8. ኳሊቲ የሚለውን እይ። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር ይወጣል፤ ላይኛው ስትሬንግዝ፣ ታችኛው ኳሊቲ። ላይኛው ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየም ሊሞላ ይችላል፤ ኤልኤንቢው መብራት አገኘ፣ ኬብሉም ደኅና ነው ከማለት ብዙም አያልፍም። ሳተላይቱን ማግኘትህን የሚነግርህ ታችኛው ነው። ሠራተኛ ካስጠራህም ኳሊቲው ሳይደላደል ሂሳብ አትክፈል። ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ደግመህ ተመልከት፤ ሲያጠብቁት ይሸሻል። እሱ ሰዓት የለኝም ብሎ ሲጣደፍብህ አንተ አትጣደፍ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

9. ሥዕል ስለጠፋ ብቻ ዲሽ አትንካ። ዝናብ ከሆነ ጠብቅ፣ ያባራል። በመስቀል ሰሞንና መጋቢት ሲገባ ደግሞ ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ ኢትዮሳት ከሆነ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ላይ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉ ሊቆራረጥ ይችላል። ያን ሰዓት ወጥተህ ብታይ ከሳህኑ የነጠረው የፀሐይ ብርሃን ኤልኤንቢው ፊት ላይ አርፎ ታገኘዋለህ። ዲሹ ልክ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚሆነው። አላዋቂ ግን ያኔ መፍቻ ይዞ ይወጣና ደህናውን ያበላሻል።

10. መብረቅ ሲያጉረመርም ሪሲቨሩን ከሶኬት፣ ኬብሉንም ከሪሲቨሩ ንቀል። መብራት ሄዶ ሲመለስም ቶሎ አትሰካ፤ አምፖሉ እስኪረጋጋ ቆይ።

11. ስትለቅ ያስቀረኸው ነገር አይኑር። ኬብሉን ከጣሪያው ላይ ሰብስብ፤ በክንድህ ላይ በሰፊው ጠቅልለው እንጂ በጠባቡ አታጥፈው፣ ውስጡ ይሰበራል። በመስኮት ክፈፍ በኩል አሳልፈኸው ከነበረ ያነሣኸውን ማስቲሽ መልሰህ ድፈን፣ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ካለ ለአከራይህ ንገር። ብሎኖቹን በላስቲክ አድርገህ ክንዱ ላይ እሰራቸው። ዲሹን መኪናው ላይ ራስህ ጫነው፤ ኤልኤንቢውን ይዞ የሚያነሣ ጫኝ ካየህ አስቁመው።