«ኢንቬንተሪ» የሚለው ቃል ትርጉምና አገባብ

በንግድ ቤቶቻችን በየቀኑ ከሚነገሩት የውጭ አገር ቃላት መካከል እንደ «ኢንቬንተሪ» በብዙ ትርጉም የሚሠራበት ጥቂት ነው። በሰኔ መጨረሻ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው በአንዳንድ ሱቅ በር ላይ «ኢንቬንተሪ ላይ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያያል። ገብቶ ጸሐፊውን ቢጠይቅ «ኢንቬንተሪው እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው» ብሎ አንድ ጥራዝ ያሳየዋል። ባለቤቱን ቢጠይቅ ደግሞ «ዘንድሮስ ኢንቬንተሪ በዝቶብኛል» እያለ ያልተሸጠለትን ዕቃ ያማርርለታል። እንግዲህ ቃሉ በበሩ ላይ የሥራ ስም፣ በጸሐፊው አፍ የመዝገብ ስም፣ በባለቤቱ አፍ የዕቃ ስም ሆነ ማለት ነው። በጨዋታ መካከል ይህ ምንም ጉዳት የለውም፤ በውል ላይ ሲጻፍ ግን ገንዘብ ያስከፍላል።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «አገኘ» የሚል ግሥ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ትርጉሙ ኢንቬንተሪ ማለት ሰው በቦታው ተገኝቶ፣ ፈልጎና ዐይቶ ያገኘው ሁሉ የተጻፈበት ዝርዝር ነው። ሊኖር ይገባ የነበረው ወይም ይኖራል ተብሎ የተገመተው በዚህ ዝርዝር አይገባም። የሮም ሕግ በዚህ ዝርዝር ላይ ትልቅ ነገር አስሮበት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ531 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ወራሽ የሆነ ሰው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የሟቹን ንብረት ዘርዝሮ ካስጻፈ የሟቹን ዕዳ የሚከፍለው በወረሰው ንብረት ልክ ብቻ ነበር፤ ሳያስጻፍ ውርሱን የተቀበለ ግን ከራሱ ኪስ ጭምር እንዲከፍል ይገደድ ነበር። አንድ ዝርዝር ሰውን ከዕዳ ሲያድን ማየት ለነጋዴ የሚያስገርም አይመስለኝም።

ፈረንሳዮች «ኢንቫንቴር»፣ ጣልያኖችም «ኢንቬንታርዮ» የሚሉት ይህንኑ ዝርዝርና የመዘርዘሩን ሥራ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ፣ በተለይም በአሜሪካኖች፣ ቃሉ ከዝርዝሩ አልፎ በዝርዝሩ ለተጻፈው ዕቃ ራሱ ስም ሆነ፤ እንግሊዞች ግን ለሽያጭ የተቀመጠውን ዕቃ «ስቶክ» ማለትን ይመርጣሉ። ለእኛ አገር ነጋዴ የንግድ ቃላት ከሁሉም አቅጣጫ ስለ ደረሱት («ባንኮኒ» እና «ካምቢያሌ» ከጣልያን እንደ መጡ ልብ ይሏል) ሦስቱም ትርጉሞች በአንድ ቃል ላይ ተደራርበው ቀሩ።

በእኔ አስተያየት ግን አማርኛችን በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛው የጠራ ነው። ለሥራው «ቆጠራ»፣ ለጽሑፉ «የዕቃ ዝርዝር» ወይም «የንብረት መዝገብ»፣ ለዕቃው ደግሞ «ክምችት» የሚሉ የተለያዩ ቃላት አሉን። «ቆጠራ» የሚለውን አንዳንድ ሰዎች ከኮከብ ቆጠራ ጋር እያያያዙ ይቀልዱበታል፤ ሳይቆጥሩ በግምት ለሚሞሉት ጸሐፊዎች ቀልዱ ይገባቸዋል። ልማዱም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቤተ መንግሥት የግምጃ ቤቱን ንብረት የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። በገዳማትና በአድባራትም የንዋየ ቅድሳቱና የመጻሕፍቱ ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር፤ በወሎ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የመጻሕፍት ዝርዝር ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። በወንጌል ላይ መጻፉ ዝርዝሩን ማንም በድፍረት እንዳይፍቀውና እንዳይለውጠው ለማድረግ ይረዳ ነበር። ዛሬ የምንገለገልበት ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ግርማ የለውም።

ቃሉ በውል ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ለማስረዳት፣ ከዓመታት በፊት በሥራዬ ምክንያት ያየሁትን አንድ ክርክር ስም ሳልጠራ ልጥቀስ። አንድ ነጋዴ ሱቁን ሲሸጥ በውሉ ላይ «ሱቁን ከነኢንቬንተሪው ሸጫለሁ» ተብሎ ተጻፈ፤ ዝርዝር ግን አልተያያዘም። ሻጩ በልቡ የያዘው መደርደሪያውን፣ ባንኮኒውንና ሚዛኑን ነበር፤ ገዢው ግን በሱቁ ውስጥ ያለውን ሸቀጥ ሁሉ የገዛ መሰለው። ከዚህም በላይ ከፊርማው እስከ ርክክቡ 12 ቀን አለፈና በእነዚህ ቀናት ሻጩ እንደ ወትሮው ሲሸጥ ሰነበተ፤ ፈጥኖ የሚሸጠው ዕቃ አልቆ አቧራ የጠጣው ቀረ። ነገሩ ለሽማግሌ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝርዝሩ የት አለ?» የሚል ሆነ። ሁለቱም ዝም አሉ። በመጨረሻ የቀረው ዕቃ ተቆጥሮ፣ ከዋጋው ተቀንሶ ታረቁ፤ ወዳጅነታቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» ሲል ከማይዳሰሱት መብቶች ሌላ የሥራ መሣሪያውንና ሸቀጡንም ሊጨምር እንደሚችል ያመለክት ነበር። «ሊጨምር ይችላል» ማለት የግድ ይጨምራል ማለት ስላልሆነ፣ ምን እንደ ተጨመረ መጻፍ የተዋዋዮቹ ፋንታ ነው። ያ ሕግ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም ይህ ጥንቃቄ አልተሻረም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በሽያጭ ማሽንና በኮምፒዩተር የሚሠራ ነጋዴ «ቀሪዬን ማሽኑ ስለሚነግረኝ መቁጠር አያስፈልገኝም» ሲል ይሰማል። ማሽኑ የሚናገረው ግን ሊኖር የሚገባውን ነው፤ የተሰረቀውን፣ የተሰበረውን፣ አይጥ የበላውን፣ ሳይመዘገብ ለዘመድ የተሰጠውን አያውቅም። በቁጥር እንየው። ሐምሌ 1 ቀን የ400,000 ብር ዕቃ የነበረው ነጋዴ በዓመቱ ውስጥ የ2,100,000 ብር ዕቃ ገዝቶ በ2,500,000 ብር ሸጠ እንበል። መዝገቡ ሰኔ 30 ቀን የ430,000 ብር ዕቃ ቀርቷል ቢል፣ የተሸጠው ዕቃ መግዣ 2,070,000 ብር፣ ያልተጣራ ትርፉም 430,000 ብር ይሆናል። ተቆጥሮ የተገኘው ግን የ350,000 ብር ብቻ ቢሆን መግዣው 2,150,000፣ ትርፉም 350,000 ብር ነው። ያልቆጠረው ነጋዴ ባላገኘው 80,000 ብር ላይ ግብር ሊከፍል ነው። ይባስ ብሎም ዕቃው በየት በኩል እንደሚወጣበት ሳያውቅ ሌላ ዓመት ይጀምራል።

ቆጠራው የታመነ እንዲሆን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጊዜውን መቁረጥ ነው። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ዕቃ እንዳይገባና እንዳይወጣ ማድረግ ካልተቻለ፣ አንዱ ዕቃ በመጋዘንም በሱቅም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ በመኪና ላይ ያለውም ጨርሶ ይረሳል። የሚቆጥረው ሰው መዝገቡ የሚለውን ቁጥር አስቀድሞ ማየት የለበትም፤ ካየ እጁ ወደዚያው ቁጥር ያዘነብላልና። ግምጃ ቤት ጠባቂውም በቦታው ይገኝ እንጂ የያዘውን ዕቃ ራሱ ብቻውን አይቁጠር። በአደራ የተቀመጠና ተሸጦ ገዢው ያልወሰደው ዕቃ በመደርደሪያችን ላይ ቢታይም የእኛ ስላልሆነ ለብቻው ይጻፍ። በአንጻሩ ሌላ ዘንድ በአደራ ያስቀመጥነው ከዓይናችን ቢርቅም የእኛ ነው።

መለኪያው እንደ ንግዱ ዓይነት ይለያያል። ጨርቅ ነጋዴ ጣቃ ብቻ ቢቆጥር የተጀመረው ጣቃ ስንት ሜትር እንደ ቀረው ሳይታወቅ ይቀራል። በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ቀለበትን በፍሬ መቁጠር ከንቱ ነው፤ በግራምና በካራት ተለይቶ መመዘን አለበት፤ ሚዛኑም አስቀድሞ ይፈተን። ውቤ በረሃ በመጠጥ ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር ነበርና የቡና ቤት ባለቤቶችንም ላንሣ፦ የእነርሱ ቆጠራ ዓመት የሚጠብቅ አይደለም፤ ማታ ሲዘጋ የተከፈተው ጠርሙስ ሳይቀር ልኩ ካልተያዘ የጎደለው በሽያጭ ይሁን በግብዣ የሚለይበት መንገድ የለም።

ዋጋውን በሚመለከት በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደው ደንብ አጭር ነው። ዕቃው የሚጻፈው በተገዛበት ዋጋ ነው፤ ዛሬ ሊሸጥ የሚችልበት ዋጋ፣ የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ፣ ከመግዣው ካነሰ ግን በዚያ ባነሰው ይጻፋል። ብዙ ነጋዴ በመሸጫ ዋጋ መጻፍ ይወዳል፤ ድምሩ ደስ ያሰኛልና። ነገር ግን ገና ያልተሸጠን ዕቃ በመሸጫ ዋጋ መጻፍ ትርፍን በመጽሐፍ ላይ ማምረት ነው።

በቅርብ ዓመታት በከተማችን የሆነው ነገር ዝርዝሩ የት ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ አጥብቆታል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳና ከአካባቢው ሱቆች ሲነሡ ዕቃ በጥድፊያ መጓጓዝ ነበረበት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ሀብት ወደመ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመድን ኩባንያ ካሣ ለመክፈል ምን እንደ ነበረና ስንት ያወጣ እንደ ነበረ ማስረጃ ይጠይቃል። ዝርዝሩ በዚያው ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ከነበረ ከዕቃው ጋር አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ የተፈረመበት አንድ ቅጂ ከግዢ ደረሰኞች ግልባጭ ጋር በሌላ ቤት ወይም በሒሳብ ሠራተኛው ዘንድ ይቀመጥ።

ደብዳቤና ውል ለሚጽፉ የሥራ ባልደረቦቼ የማቀርበው አጻጻፍ የሚከተለው ነው። ሥራውን ለማመልከት «የዕቃ ቆጠራ ሰኔ 30 ቀን ይደረጋል» ብለን እንጻፍ፤ ዕቃውን ለማመልከት «በመጋዘን ያለው ክምችት» እንበል፤ ጽሑፉን ለማመልከት ደግሞ «ከዚህ ውል ጋር የተያያዘው፣ ሁለቱ ወገኖች በየገጹ የፈረሙበት የዕቃ ዝርዝር» ይባል። «ኢንቬንተሪ» የሚለውን ቃል የግድ መጠቀም ከተፈለገ፣ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ በዚያው ዐረፍተ ነገር ይገለጽ፤ የተቆጠረበት ቀንና ሰዓት፣ የቆጠሩትና የተረከቡት ሰዎች ስምም ከግርጌ ይጻፍ።