ሊማሊሞን የሚወጣ መኪና ለምን ጥቁር ጭስ ይተፋል?

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች የሠሩትን የሊማሊሞ መንገድ ከአዲ አርቃይ ወደ ደባርቅ በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ ያረጀ የጭነት መኪና፣ የማርሚታው ጭስ ከኩርባ ኩርባ እየጠቆረ ይሄዳል። ብዙ ሰው ናፍጣውን ይረግማል። እኛ ግን አየሩን እንቁጠር።

የሚገባውና የሚወጣው

ናፍጣ የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው። ለስሌት እንዲመቸን 12 ካርቦንና 23 ሃይድሮጅን እንዳለው አንድ ሞለኪውል እንቁጠረው። አንድ ሞል ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 12 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 11.5 ሞል የውሃ ተን ይወጣል። የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ከዚሁ እናገኛለን፤ ለካርቦኑ 12፣ ለውሃው 5.75፣ ድምሩ 17.75 ሞል።

ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሞተር የሚስበው አየር ነው፤ በአየር ውስጥ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሞል ኦክስጅን ጋር 3.76 ሞል ናይትሮጅን አለ። ስለዚህ 66.74 ሞል ናይትሮጅን ገብቶ፣ ሞቆ፣ ከሞላ ጎደል እንደገባ ይወጣል። ጠቅላላ ጭሱ 90.24 ሞል ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 13.3፣ ውሃ 12.7፣ ናይትሮጅን 74 በመቶ።

ትርፍ አየር

የናፍጣ ሞተር በልኩ በተሰፈረ አየር አይሠራም። ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ተረጭቶ ከአየሩ ጋር ለመደባለቅ ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ ትርፍ አየር ይፈልጋል። ባሕር ጠረፍ ላይ 30 በመቶ ትርፍ አለው እንበል። ናይትሮጅኑ 86.8 ሞል ይሆናል፤ 5.3 ሞል ኦክስጅንም ሳይነካ ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያው 12 ሞል ነው፤ ድርሻው ግን ወደ 10.4 በመቶ ይወርዳል። የጭስ መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ፣ አብዛኛው መሣሪያ የውሃ ተኑን አስወግዶ ስለሚለካ፣ የኦክስጅኑ ንባብ 5.1 በመቶ ገደማ መሆን አለበት።

ደባርቅ ላይ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦክስጅን ድርሻ እዚያም 21 በመቶ ነው፤ «ደጋ ላይ ኦክስጅን የለም» የሚባለው ልማድ ያመጣው አነጋገር ነው። የሳሳው ራሱ አየሩ ነው። ሲሊንደሩ በአንድ ስበት የሚያገኘው አየር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ቱርቦ ያለው መኪና አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይሸፍናል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ መኪና ግን የናፍጣ ፖምፓው ባሕር ጠረፍ ላይ እንደተስተካከለ ያንኑ ናፍጣ ይረጫል።

1.3ን በ0.75 አባዙት፤ 0.975 ይመጣል። ትርፉ አልቆ 2.5 በመቶ ጎደለ ማለት ነው። የጎደለው 0.44 ሞል ኦክስጅን ነው። ጉድለቱ በሙሉ በካርቦን ሞኖክሳይድ ቢወጣ 0.89 ሞል፣ ማለትም ከጭሱ አንድ በመቶ ያህል ይሆናል። በጥላሸት ቢወጣ ደግሞ 0.44 ሞል ንጹሕ ካርቦን ነው። በተግባር ሁለቱም ይወጣሉ፤ ዓይን የሚያየው ግን ጥላሸቱን ብቻ ነው። ድብልቁ ፍጹም ስለማይሆን ጭሱ መጥቆር የሚጀምረው ትርፉ ገና ሳያልቅ ነው።

ለእናንተ

አሁን ዳባት ውስጥ ምጣድ ሥር የሚነደውን ባሕር ዛፍ ውሰዱ። ደረቅ እንጨት በክብደት 50 በመቶ ካርቦን፣ 6 በመቶ ሃይድሮጅን፣ 44 በመቶ ኦክስጅን ነው እንበል። ያለ ትርፍ አየር ሙሉ በሙሉ ቢነድ፣ የውሃ ተኑም ተቆጥሮ፣ ከጭሱ ስንት በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል? መልሱ 17.9 ነው። 14.6 ከመጣባችሁ፣ እንጨቱ ራሱ የያዘውን ኦክስጅን ሳትቀንሱ ቀርታችኋል።