ከኮንስታብል እስከ ኮሚሽነር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው ከሰው ሲጣላ «በሕግ አምላክ!» ይባላል። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ አባቶቻችን። ታዲያ ሕጉን የሚያስከብረው ማን ነው? ዛሬ ስለ ፖሊስ ሥራና ስለ ፖሊስ አለቃ እንማራለን።

ድሮ በሬ ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አገሬው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ምሎ የጠረጠረውን ይናገራል። በምኒልክ ዘመን ደግሞ በአዲስ አበባ «የአራዳ ዘበኛ» የሚባል ጠባቂ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ከዚያም መኮንኖች የሚሠለጥኑበት የአባ ዲና ፖሊስ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ።

የፖሊስ ማዕረግ እንደ መሰላል ነው። የታችኛው እርከን ኮንስታብል ነው። ከዚያ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር እያለ እስከ ኮሚሽነር ይወጣል። በፌዴራል ፖሊስ ከሁሉ በላይ ያለው ኮሚሽነር ጄኔራል ይባላል። ከታች ተነሥቶ ላይ ለመድረስ ብዙ ዓመት ማገልገልና መማር ያስፈልጋል።

አለቃ ለመሆን መመኘት ነውር አይደለም። እርፍ ያልጨበጠ ሰው ስለ እርሻ ቢያዝ ማን ይሰማዋል? የተሰረቀ በሬ ሊፈልግ በእግሩ እስከ በሽሎ ቆላ የወረደ ፖሊስ አለቃ ሲሆን የታዛዡን ድካም ያውቃል። የባለ በሬውንም ጭንቀት ያውቃል።

ነገር ግን ዓመት ብቻውን አለቃ አያደርግም። 20 ዓመት ሰው ሲገርፍ የኖረ ፖሊስ 20 ዓመት ሠራ አይባልም። ዱላ ወንጀለኛውንም ንጹሑንም እኩል ያናዝዛል። እኛ እንደሚመስለን የፖሊስ ዋና መሣሪያው ብዕርና መዝገብ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የከሳሽ ቃል ይጻፍ፣ ይነበብለት፣ ከዚያ ይፈርም ብሎ ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብም ይላል። ይህ ሕግ ኮንስታብሉንም ኮሚሽነሩንም እኩል ያዛል።

አለቃው ይህን ካላስጠበቀ ምን ይመጣል? ገዳይ በጉቦ ሲለቀቅ፣ ያላጠፋ ሰው ሲታሰር፣ ሕዝቡ ፖሊስን ማመን ይተዋል። ጠመንጃውን ያነሣል። ወንድም የወንድሜን ደም እመልሳለሁ ይላል። አንዱ ደም ሌላውን ይጠራል፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጆች ያለ አባት ይቀራሉ። እንግዲህ የአለቃው ጥፋት የሚያርፈው በገበሬው ጎጆ ላይ ነው።

ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ጭምር ነው። ትናንት በማታውቁት ወረቀት ላይ አውራ ጣታችሁን ታሳርፉ ነበር። አሁን ግን ማንበብ ትችላላችሁ። ፖሊስ ቃላችሁን ሲጽፍ አንብባችሁ ፈርሙ። ያላላችሁት ተጽፎ ብታገኙ «ይህ የእኔ ቃል አይደለም፤ ይታረም» በሉ። ደህና ፖሊስ በዚህ አይቆጣም፤ እንዲያውም ሥራው ይቃናለታል። ወንድ ልጃችሁ ወይም ሴት ልጃችሁ ፖሊስ ብትሆኑ ደስ ይለኛል ስትሏቸው፣ ስለ ማዕረጉ ብቻ አትንገሯቸው። የሰውን ቃል ሳያጣምሙ መጻፍን አደራ በሏቸው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. አውጫጭኝ ምን ጥቅም፣ ምን ጉዳት ነበረው?
2. የተያዘ ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት?
3. ቃላችንን ሳናነብ ብንፈርም ምን ሊደርስብን ይችላል?