ወተትና ስኳር የልጆችን ሆድ ሲያውክ

«እህቴ፣ ልጄ ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። አሜባ ነው መሰለኝ፤ መድኃኒቱን ስጪኝ።» በምሠራበት መድኃኒት ቤት እንዲህ የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። አንዷን ስጠይቃት ልጇ ከሁለት ሳምንት በፊት ብርቱ ተቅማጥ ይዞት ነበር። ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት፤ በሰገራ ምርመራው አሜባ አልተገኘም።

ውድ አንባቢያን፣ በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ይህን ስኳር የሚፈጨው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። የሻይ ስኳርን ደግሞ ሱክሬዝ የተባለው ይፈጨዋል። ኢንዛይሙ ሲያንስ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል፤ ውኃ ይስባል፤ ባክቴሪያዎችም ሲያብላሉት ጋዝና አሲድ ይፈጠራል። የሆድ መነፋት፣ ቁርጠት፣ ውኃ የበዛበት ተቅማጥና የመቀመጫ መቅላት የሚመጡት ከዚህ ነው።

ኢንዛይሙ ለምን ያንሳል?

1. ከተቅማጥ በኋላ፦ ሮታ ቫይረስ ወይም ጃርዲያ የአንጀትን ግድግዳ ሲጎዳ ላክቴዝ ለጊዜው ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

2. በዕድሜ፦ በብዙ ሰዎች ላይ ከሕፃንነት በኋላ ላክቴዝ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እንደ አፋር ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን ወተት የሚስማማቸው አዋቂዎች ብዙ ናቸው።

3. ከውልደት፦ ይህ በጣም ጥቂት ሕፃናትን ያጋጥማል። ላክቴዝ የሌለው ሕፃን ጡት መጥባት እንደጀመረ ያስቀምጠዋል። ሱክሬዝ የሌለው ግን ጭማቂና ስኳር ያለበት ምግብ ሲጀምር ነው የሚታወቅበት።

ምን እናድርግ?

• ሐኪም ካላዘዘ በቀር ጡት አታቋርጡ።

• ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጣችሁ ስጡ፤ ስኳር አትጨምሩበት። በውስጡ ያለው ግሉኮስ መፈጨት አያስፈልገውም። ዚንክም ከ6 ወር በታች በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም ለ10–14 ቀናት ይሰጣል።

• ከፍ ላለ ልጅ ወተቱን ቀንሱና ከምግብ ጋር ስጡት። እርጎና አይብ ላክቶሳቸው ስለሚያንስ ይሻላሉ።

• ወተት ሲጠጣ ሰውነቱ ሽፍ የሚል ወይም ፊቱ የሚያብጥ ልጅ ችግሩ የወተት አለርጂ ሊሆን ይችላል። እርጎም ስለሚጎዳው ሐኪም ይየው።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሰገራው ደም ካለበት ወይም ክብደቱ አልጨምር ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የዚያች እናት ልጅ ለጥቂት ሳምንታት በወተት ፈንታ እርጎ ወሰደ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ወተቱንም ይጠጣል። እናቶች ሆይ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት አስመርምሩ።