የጎግል ድራይቭ ፋይሎችን ከኮምፒውተርዎ ፎልደር በቀጥታ ለመክፈት

ጎግል ድራይቭ ላይ ያለ ሰነድ ለማስተካከል ብዙዎቻችን ብራውዘር እንከፍታለን፤ ፋይሉን እናወርዳለን፤ ካስተካከልነው በኋላ መልሰን እንጭነዋለን። በዚህ ምልልስ አንዱ ሪፖርት ሦስትና አራት ቅጂ ያወጣል፤ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ መለየትም ያስቸግራል። «ድራይቭ ፎር ዴስክቶፕ» የተባለው የጎግል ነፃ ፕሮግራም ይህን ድካም ያስቀራል። ክላውድ ላይ ያሉት ፋይሎች ልክ እንደሰካነው ፍላሽ ዲስክ በኮምፒውተሩ ፎልደሮች መካከል ይታያሉ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

1. ፕሮግራሙን ይጫኑ። መጫኛውን ከጎግል ድራይቭ ይፋዊ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ፈቃድ መጠየቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

2. በጎግል አካውንትዎ ይግቡ። ኢንተርኔት ቤት ወይም ብዙ ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ፋይሎችዎን በሙሉ ሊከፍት ይችላል።

3. የአቀማመጡን ዓይነት ይምረጡ። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድራይቭ ምልክት ተጭነው በቅንብሩ በኩል ወደ «ፕሪፈረንስስ» ይግቡ። ሁለት ምርጫ ያገኛሉ። «ስትሪም ፋይልስ» ፋይሎቹን ክላውድ ላይ ትቶ ሲከፍቷቸው ብቻ ያወርዳቸዋል፤ የኮምፒውተሩን ቦታ ይቆጥባል። «ሚረር ፋይልስ» ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይም ያስቀምጣል፤ ያለ ኢንተርኔት ያሠራል፤ ነገር ግን ብዙ ቦታና በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ዳታ ይፈልጋል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ይሻላል።

4. ፋይል ኤክስፕሎረርን ይክፈቱ። በ«ስትሪም» አሠራር ብዙውን ጊዜ «ጂ» በሚል ፊደል አዲስ ድራይቭ ያገኛሉ። በውስጡ ያለውን «ማይ ድራይቭ» ከፍተው ሰነዱን እንደወትሮው በወርድ ወይም በኤክሴል ይሥሩበት። ሴቭ ሲያደርጉ ለውጡ ራሱ ወደ ክላውድ ይሄዳል። በጎግል ዶክስና ሺትስ የተሠሩ ሰነዶች ግን ከዚህ ፎልደር ቢነኩም የሚከፈቱት በብራውዘር ነው።

5. ለነገ የሚያስፈልግዎትን ዛሬ ያስቀምጡ። በ«ስትሪም» አሠራር የፋይሉ ስም መታየቱ ፋይሉ ኮምፒውተርዎ ላይ አለ ማለት አይደለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስሙን እያዩ መክፈት ሊያቅትዎ ይችላል። ስለዚህ አስፈላጊውን ፎልደር በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ኦፍላይን አክሰስ»፣ ቀጥሎም «አቬይላብል ኦፍላይን» የሚለውን ይምረጡ። ፎልደሩ ወርዶ እስኪያልቅ ኢንተርኔቱን አያቋርጡ።

6. ዳታዎን ይጠብቁ። በተራ ቁጥር 3 ባየነው የ«ፕሪፈረንስስ» ገጽ በኩል የማውረጃና የመጫኛ ፍጥነትን መገደብ ይቻላል። ፓኬጅዎ ሊያልቅ ከሆነም ከድራይቭ ምልክቱ ማመሳሰሉን ለጊዜው ያቁሙ፤ ዋይፋይ ሲያገኙ ያስቀጥሉት።

ጥንቃቄዎች

ከዚህ ፎልደር ያጠፉት ፋይል ከክላውዱም፣ ስልክዎ ላይ ካለው ድራይቭም ይጠፋል። ቆርጠው ከድራይቭ ውጭ ወዳለ ሌላ ፎልደር ቢያዛውሩትም እንዲሁ ነው፤ ለሰው መስጠት ከፈለጉ ኮፒ ያድርጉ። በስህተት የጠፋ ፋይል በድራይቭ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ለዘለቄታው ይሰረዛል። የማይተካ ሰነድ፣ ለምሳሌ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሂሳብ መዝገብ ካለዎት፣ ሌላ ቅጂ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይያዙ።

የነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ጂሜይልና ጎግል ፎቶስም ይጋሩታል። ሲሞላ አዳዲስ ፋይሎች ወደ ክላውድ መሄዳቸውን ስለሚያቆሙ ትልልቅ ቪዲዮዎችን አስቀድመው ያጽዱ። ኮምፒውተሩን ከማጥፋትዎ በፊትም የድራይቭ ምልክቱን ተጭነው የመጨረሻው ሥራዎ ተልኮ ማለቁን ያረጋግጡ። መብራት ወይም ኢንተርኔት በድንገት ቢጠፋ ያልተላከው ለውጥ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

ሁሉን ካስተካከሉ በኋላ አንድ ሙከራ ያድርጉ። ዋይፋዩን አጥፍተው ለነገ ስብሰባ የሚያስፈልግዎትን ሰነድ ይክፈቱ። ከተከፈተ ዝግጁ ነዎት፤ ካልተከፈተ ዋይፋዩን መልሰው ወደ ተራ ቁጥር 5 ይመለሱ።