ልጅና እረኝነት፤ ሂሳቡን አብረን እንሥራ



በማስተምርበት ቀበሌ አንድ የ13 ዓመት እረኛ በመስኮት ቆሞ ትምህርት ያዳምጣል። «ለምን አትገባም?» አልኩት። «ላሞቹ የሰው ሰብል ይገባሉ» አለኝ። ልጁ መማር ይፈልጋል። ያጣው ተተኪ ነው።

ልጅ ከትምህርት የሚቀረው ወላጅ ስለማይወደው አይደለም። ዝናብ ሲቀር፣ በሬ ሲሞት፣ አባት ሲታመም ቤቱ ሌላ ጉልበት የለውም። ይህም የኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 በዓለም 138 ሚሊዮን ያህል ልጆች ለዕድሜያቸው የማይገባ ሥራ ይሠሩ ነበር። የሚበዙትም በእርሻና በከብት ላይ ነበሩ።

ልጅ ቤተሰቡን ማገዙ ክፉ አይደለም። ከትምህርት መልስ ጥጃ ቢያስር ሙያ ይማራል። ክፉው ትምህርት የሚያስተወውና አካሉን የሚጎዳው ሥራ ነው። ለሰው መቀጠርንም ሕግ ወስኖታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። እረኛው ዛሬ የአንድ ሰው ደመወዝ ያድናል። ነገ ግን የመሬት ኪራይ ውል ሳያነብ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ሚዛን ሲሰረቅ አያውቅም። ይህ ምን እንደሚያስከፍል እናንተ ከኔ የበለጠ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ምን ይሻላል? አሥር ቤት አሥር እረኛ አለው እንበል። ከብቱ አንድ ላይ ቢሰማራ በቀን ሁለት እረኛ ይበቃል።

2 እረኛ × 5 የትምህርት ቀን = 10 ተራ
10 ተራ ÷ 10 ልጅ = 1 ቀን

እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት 1 ቀን ይጠብቃል፤ 4 ቀን ይማራል። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነማ ጠዋት የሚማሩት ከሰዓት፣ ከሰዓት የሚማሩት ጠዋት ይጠብቃሉ። አንድም ቀን አይቀሩም። ሰብል ሲደርስ አንድ ትልቅ ሰው ይጨመር። ከብት ሰብል ቢያጠፋ ማን እንደሚክስ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ደቦና ወንፈል ለምታውቁት ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ተራውን ስታወጡ ልጆቹንም ጥሯቸው። የትኛው በሬ እንደሚዋጋ፣ የትኛው መስክ እንደሚያሰጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መማር የሚፈልገው ማን እንደሆነም ራሳቸው ይናገሩ።

ጥያቄ
1. በመንደራችሁ ስንት ልጆች ከብት ይጠብቃሉ?
2. ከብቱ አንድ ላይ ቢሰማራ ስንት እረኛ ይበቃል?
3. የተራውን ዝርዝር በደብተራችሁ ጻፉ፤ ለስብሰባም አንብቡት።