ስለ ትንሿ ጫኝ መኪና የሞተር ዕድሜና እድሳት

ስኪድ ስቲር ሎደር የምትባለው ትንሽ ጫኝ መኪና ጐማዎቿ ወደ ጐን አይታጠፉም፤ የግራዎቹና የቀኞቹ በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ ባለችበት ትሽከረከራለች። ቀዳሚዋን፥ ባለ ሦስት ጐማይቱን፥ በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ሲረልና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች የተርኪ ዶሮ ቤት ፍግ እንድትጠርግ ሠሯት። እንግዲህ ከትውልዷ ጀምሮ ሥራዋ በአቧራ ውስጥ ነው፤ የሞተሯም ጠላት ይኸው አቧራ ነው።

የሞተሩ ዕድሜ የሚቈጠረው በዓመት አይደለም፥ በሠራበት ሰዓት ነው። በደኅና የተያዘ የናፍጣ ሞተር 5000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን የአየር ማጣሪያው ወይም ቱቦው ቀዳዳ ካለው፥ ደቃቅ አሸዋ ከዘይት ጋራ ተቀላቅሎ ሲሊንደሩንና ፋሻ የሚባለውን የፒስተን ቀለበት እንደ ሞረድ ይበላል፤ ያን ጊዜ የሰዓት ቈጣሪው ቍጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ዘይት ሲጐድል፥ ሰማያዊ ጢስ ሲወጣ፥ በማለዳም መነሣት ሲያስቸግር ሞተሩ መበላቱን ያስጠረጥራል። ጥቍር ጢስ ግን ብዙ ጊዜ ከተደፈነ ማጣሪያ ስለሚመጣ፥ በእርሱ ምክንያት ብቻ ሞተር ለማስፈታት የሚቸኵል ባለቤት ገንዘቡን ያለ ጥቅም ያወጣል።

ሲታደስ ሲሊንደሩ ከላይም ከታችም ይለካል፤ ይበልጡን የሚበላው የላይኛው ፋሻ በሚመለስበት ስፍራ ነውና። ከልኩ የሰፋ እንደ ሆነ በመሣሪያ ተስተካክሎ ለአዲሱ ስፋት የተሠራ ፒስተን ይገባለታል፤ ኮሎ የሚባለውም ዘንግ ተሞርዶ ወፈር ያለ ብሮንዚኒ ይደረግለታል። በተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ መክተት፥ በእኛ አስተያየት፥ እድሳት ሊባል አይገባም። አቧራው የገባበትም ቀዳዳ ሞተሩ ተመልሶ ሳይታሰር መፈለግ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ፒስተን በዚያው መንገድ የሚመጣውን አሸዋ ይቀበላል።